«ካርድዎን ያሳዩኝ» ብዬ አጎቴን ከበር መለስኳቸው

እህቴ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ረጅም ስለሆነ ለአንባቢ ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ልግባ፣ ያንቺንም የሬስቶራንቱንም ስም እንዳልጠራ ስላልሽኝ አልጠራም።

እህታችን የምትኖረው ዲሲ ነው። 2022 መጀመሪያ ላይ ዩ ስትሪት አካባቢ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት በር ላይ ቆማ እንግዳ እየተቀበለች ታስቀምጥ ነበር፣ ከተማው ሬስቶራንት የሚገባ ሰው የኮቪድ ክትባት መውሰዱን ያሳይ ያለበት ሰሞን ነው። አንድ እሁድ አጎቷ ከቤተክርስቲያን መልስ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። አጎት ስላችሁ ደግሞ እንዲሁ አጎት አይደሉም፣ አባቷ ከሞተ በኋላ ያስተማሯት፣ አሜሪካ ያመጧት፣ ደለስ ኤርፖርት መጥተው የተቀበሏትና እስክትቋቋም ድረስ ቤዝመንታቸው ያኖሯት ሰው ናቸው። «ጋሼ ካርድዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው። «አንቺ? እኔን?» አሉ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ከዛ ምንም ሳይጨምሩ ዞረው ወጡ፣ ጓደኞቻቸውም ተከተሏቸው። ከዛን ቀን ጀምሮ አያናግሯትም። እሷን ያበገናት ግን ከወራት በኋላ የሰማችው ነው፣ ለካ አጎቷ 2021 ላይ ተከትበው ጨርሰዋል፣ ያን እሁድም ካርዱ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር፣ ይሄን የነገረቻት የራሳቸው ልጅ ናት። አሁን እህታችን ልታገባ ነው፣ በአባቷ ቦታ የሚቆሙላት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። «ካርዱ እያላቸው ለምን አላሳዩኝም? እኔ ሕግ ነው ያስከበርኩት፣ እጮኛዬም ልክ ነሽ ይለኛል፣ ቤተሰቡ ግን ሽማግሌ አዋረድሽ ብሎ በቫይበር ግሩፕ አወራብኝ። ያላጠፋሁትን ይቅርታ ልጠይቅ?» ትላለች።

በመጀመሪያ ያላጠፋሽውን ላንሳ። ሕጉን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ዲሴምበር 2021 ላይ አሳወቁት፣ ጃንዋሪ 15 2022 ጀመረ፣ 12 ዓመትና ከዛ በላይ የሆነ ሰው ሬስቶራንት፣ ባር፣ ጂም ምናምን ለመግባት ቢያንስ አንድ ዶዝ መውሰዱን ያሳይ ተባለ፣ ከፌብሯሪ 15 ጀምሮ ደግሞ ሙሉውን መከተቡን ያሳይ የሚል ነበር፣ ያ ቀን ሲደርስ ግን ሕጉ ራሱ ተነሳ። አንድ ወር ነው በቃ። ያን አንድ ወር በር ላይ የቆማችሁት ልጆች ናችሁ የከተማውን ሥራ የሠራችሁት፣ ያውም በአስተናጋጅ ደሞዝ፣ ያውም ያለምንም ሥልጠና። ኒውዮርክ ከዲሲ ቀድሞ ኦገስት 2021 ላይ ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ አንዲት በር ላይ የምትሠራ ወጣት በዚሁ የማስረጃ ነገር በተነሳ ጸብ ተደብድባ ዜናው አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር። ስለዚህ ካርድ መጠየቅሽን ማንም ነውር ሊልሽ አይችልም። እኔም ያኔ ሕጉን እደግፍ ነበር፣ ዛሬም አልቀየርኩም፣ ምክንያቴ አንቺና መሰሎችሽ ናችሁ፣ ማስኩን አውልቆ በሚበላ በሚያወራ ሰው መሃል ሙሉ ሺፍት የምትመላለሱት እናንተ ስለነበራችሁ።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን የተቃወሙት ሰዎች ሁሉ ዝም ብለው ያኮረፉ እንዳይመስልሽ። እስኪ አጎትሽ ያን እሁድ ያለፉበትን አስቢው። የመጡት ከቤተክርስቲያን ነው፣ እዛ ካርድ የጠየቃቸው የለም፣ ሕጉ ቤተ እምነትን አይነካም ነበር። መንገድ ላይ ፋርማሲ ወይ ግሮሰሪ ቢገቡ አይጠየቁም። ምግብ አዝዘው ይዘው ለመሄድ ብቅ ቢሉም አይጠየቁም። ጆርጂያ አቬኑን ይዘው ወደ ላይ ቢነዱና ሲልቨር ስፕሪንግ ቢገቡ ያው ክትፎ ያለ ካርድ ይቀርብላቸዋል፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተመሳሳይ ነገር ላውጣ ብሎ አነሳው እንጂ አላጸደቀውም፣ አሌክሳንድሪያ ቢሻገሩም እንደዛው። ያኔ ደግሞ ኦሚክሮን የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ የተስፋፋበት ጊዜ ነበር፣ የተከተበውም ያልተከተበውም ሲያዝ በዓይናችን እያየን ነበር፣ ክትባቱ ከከባድ ሕመምና ከሞት ያድን ነበር፣ ከመያዝ ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ አላዳነም። ስለዚህ ክትባቱን ወዶ የወሰደ፣ ልጆቹን ያስከተበ ሰውም «ይሄ ወረቀት በር ላይ ምን ይሠራል» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ጥያቄ ነበር።

ያንቺ ጥያቄ መልሱ ያለውም እዚሁ ነው። መከተብና መከተብን ማሳየት ለብዙ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኛ ያኔ ሁለቱን አንድ አድርገን «ካርድ አላሳይም ያለ ያልተከተበ ነው» ብለን ጨረስነው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ኤፕሪል 2021 ላይ አሜሪካኖችን ጠይቆ ነበር፣ አውሮፕላን ለመሳፈር ማስረጃ ይጠየቅ ያለው 57 በመቶ ሲሆን ሬስቶራንት ገብቶ ለመብላት ይጠየቅ ያለው ግን 40 በመቶ ነው። ካርዱ አንድ፣ በሽታው አንድ፣ በሩ ሲቀየር ግን የሰዉ ሐሳብ ተቀየረ። ኤርፖርት ድሮም ወረቀት የምናሳይበት ቦታ ነው፣ የጠየቀሽን ሰው አታውቂውም አያውቅሽም፣ ሁለታችሁም አትቀያየሙም። የቢጫ ወባ ክትባቱን ቢጫ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ አስሮ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ስንት ሐበሻ አለ፣ በዛ የተዋረደ የለም። የሐበሻ ሬስቶራንት ግን ለአጎትሽ ዕድሜ ሰዎች ሬስቶራንት ብቻ አይደለም፣ እሁድ እሁድ ወንበር የሚያዝላቸው፣ ገብተው «እንዴት ዋላችሁ» ብለው ቤቱን ሙሉ ሰላም የሚሉበት ቦታ ነው፣ ልቅሶ ሲኖር የሚሰበሰቡበት፣ ከአገር ቤት የመጣ ሰው የሚያስተናግዱበት። እዛ በር ላይ «ያሳዩ» ሲባሉ የሚሰማቸው ኤርፖርት ላይ የሚሰማቸው ዓይነት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። አጎትሽ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል እንደወጡ ጽፈሻል። ይሄኛው ግምቴ ነው፣ አጎትሽን አላውቃቸውም፣ ግን የዛ ዘመን ወጣት የነበረ ሰው «መታወቂያ!» የምትል ቃል ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደምታደርግ ልጆቻቸው የምናውቅ አይመስለኝም። ኬላው፣ ቀበሌው፣ ወረቀት የሌለው ሰው የሚደርስበት። በዛ ላይ የዲሲው ሕግ ካርዱን ብቻ አልነበረም ያለው፣ አዋቂ ከሆንክ ፎቶ ያለው መታወቂያ አብረህ አሳይ ነበር። ካርዱን ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ ቦርሳ ውስጥ የማይገባ ነጭ ወፍራም ወረቀት፣ የክትባቱ ሎት ቁጥር የተለጠፈበት፣ ስሙን ነርሷ በእጇ የጻፈችው። የእኛ ሰው ስም ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት ስፔሊንግ፣ ካርዱ ላይ በሌላ፣ የአባት ስም አንዱ ላይ መሃል አንዱ ላይ መጨረሻ፣ የልደት ቀን ደግሞ ስደተኛ ሆኖ የመጣ ሰው ብዙው ጃንዋሪ 1 ነው። ወረቀቱ እያለውም ወረቀቱን ሲያወጣ ልቡ የሚመታ ሰው በየቤቱ አለ።

ሌላ አገር ይሄን ጉዳይ ቢያንስ ከሰው እጅ አውጥተውት ነበር። እስራኤል ፌብሯሪ 2021 ላይ ግሪን ፓስ የሚባለውን ማስረጃ ስትጀምር፣ ፈረንሳይም ኦገስት 2021 ላይ ካፌ ለመግባት ፓስ ስትጠይቅ ኪውአር ኮዱ ይነበባል፣ ትገቢያለሽ ወይ አትገቢም። ሪያድና ጅዳ ያላችሁ አንባቢዎቼም ተወከልና የሚባለውን የሳውዲ መንግሥት አፕ አትረሱትም፣ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ሞል በር ላይ ስልክ ከፍቶ አፑን ማሳየት ነበር፣ ሥራም ቢሆን ያለሱ አይገባም። እነዛ አገሮች ውስጥ ተቃውሞ አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ፈረንሳይ በየቅዳሜው ሰልፍ ነበር። ግን የሚቃወሙት መንግሥትን ነው። አሜሪካ አንድ ወጥ የሆነ አፕ ሳይኖር፣ አንዱ ካርድ አንዱ ስክሪንሾት አንዱ ማይ አይአር የሚባለውን የክትባት መዝገብ ስልኩ ላይ ይዞ ሲመጣ፣ ዓይቶ የሚፈርደው በር ላይ የቆመው ሰው ሆነ። አጎትሽም የተቀየሙት በባውዘር አይደለም።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ስላስቆመችኝ አንዲት መስመር ልንገርሽ። መሃል ላይ፣ ሌላ ነገር እያስረዳሽ፣ እንዲህ ብለሻል፦ «እንዲያውም ከሳቸው ፊት የገባውን ዶክተር አልጠየቅኩትም፣ ሁሌ ስለሚመጣ መከተቡን አውቃለሁ፣ የሳቸውን ግን ስለማላውቅ ጠየቅኩ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እህቴ፣ አጎትሽ ከዶክተሩ ኋላ ቆመው ነበር እኮ። ከፊታቸው የነበረውን ዶክተር «እንኳን ደህና መጣህ» ብለሽ ወንበር አሳየሽው፣ እሳቸው ተራቸው ሲደርስ ካርድ አልሽ። አጎትሽ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው ብለሽኛል። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ናቸው፣ ያሳደግኳት ልጅ ቤት ልጋብዛችሁ ብለው ይዘዋቸው የመጡ ይመስለኛል። «አንቺ? እኔን?» ማለታቸው «ታላቅ ሆኜ እንዴት እጠየቃለሁ» የሚል ኩራት ብቻ አይደለም፣ ዶክተሩ በቃሉ ታምኗል እኔ አልታመንኩም ነው። ካርዱ ኪሳቸው ውስጥ መኖሩማ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፣ አውጥተው ቢያሳዩሽ ኖሮ ይገባሉ አይገቡም የሚባሉት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ተቀበሉ ማለት ነው፣ ስለዚህ አላወጡም።

የሰው አመለካከት የተበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሕጉ ጥብቅ መሆኑ ላይ ሳይሆን የሚጠየቀውና የማይጠየቀው መለየቱ ላይ። ሁሉም ቢጠየቅ፣ ዶክተሩም ቄሱም የባለቤቱ ወንድምም ቢያሳይ፣ ጋሼ እያጉረመረሙም ቢሆን ያወጡት ነበር። የማውቃቸው ሬስቶራንቶች ውስጥ ያን ወር ያለ ጸብ ያለፉት ባለቤቶቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ካርድ ኮፒ በሩ ላይ የለጠፉ፣ «ሁሉም ያሳያል» ብለው በአማርኛም በእንግሊዝኛም የጻፉ ናቸው። ያንቺ ማናጀር ይሄን አላደረገም፣ «የምታውቂውን አሳልፊ» ብሎሻል፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ያንቺ አይደለም። ግን ያን ቀን በሩ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ደግሞ ይሄን ስጽፍ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም፣ ግን ሳልለው ባልፍ አላማከርኩሽም። የሬስቶራንቱ ደንበኛ መከተቡን ታውቂያለሽ፣ የአሳዳጊሽን አታውቂም። 2020 እና 2021 ታክሲ የሚሳፈር ሰው የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ ኤርፖርቱ ባዶ፣ መሃል ከተማው ቢሮ ሁሉ ዝግ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አጎትሽ መከተብ አለመከተባቸውን፣ ማን ወስዶ እንዳስከተባቸው አልሰማሽም። በዛ ወቅት ሁላችንም እንዳንገናኝ ተብለን ነበር፣ ሰው ላለማስያዝ ብለን ነው የራቅነው፣ እሱ ይገባኛል። እሳቸው ግን በር ላይ ጥያቄሽን ሲሰሙ «ይቺ ልጅ ስለኔ ምንም አታውቅም» የሚለውም አብሮ ተሰምቷቸው ይሆናል። ዝምታው ይሄን ያህል የረዘመው በአንድ ካርድ ብቻ አይመስለኝም።

እሳቸውም ልክ ናቸው አልልም። ያሳደጉትን ልጅ አንድ ቀን ጠርቶ «ለምን እንዲህ አደረግሽኝ» ማለት ይቻል ነበር፣ ይሄን ያህል ጊዜ ማኩረፍ ከአባት አይጠበቅም። ይሄን ግን አንቺ አታንሺው፣ ሊያነሱት ከፈለጉ ራሳቸው ያነሱታል።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልሽው። ይቅርታ ጠይቂ፣ ግን ያላጠፋሽውን አትጠይቂ። «ካርድ ስለጠየቅኩዎት ይቅር ይበሉኝ» ካልሽ ውሸት ነው፣ እሳቸውም ውሸት መሆኑን ያውቁታል፣ ደግሞ ያን ጊዜ በር ላይ የሠሩትን ሁሉ ጥፋተኛ ታደርጊያለሽ። የምትዪው ይሄን ነው፦ «ጋሼ፣ ያን ቀን ከፊትዎ የነበረውን ሰው ሳልጠይቅ እርስዎን ጠየቅኩ። በጓደኞችዎ ፊት አሳነስኩዎት። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።» በቃ። ከዛ በኋላ «ግን ሕጉ...» የምትል ቃል እንዳታመልጥሽ። ማናጀሬ ነው ያለኝም አትበይ። ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ዝምታው ይረዝም ይሆናል፣ አትሙዪው።

ሽማግሌ መላክ የሚለውን ሐሳብሽን አልወደድኩትም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ሽማግሌ ሲመጣባቸው ነገሩ ክርክር ይሆናል፣ አንዱ «ኧረ ሕግ ነበር» ይላል፣ ሌላው ስለ ክትባቱ የራሱን ይጀምራል፣ ስለ ክትባት የጀመረ የሐበሻ ጨዋታ ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ለእትዬ ደውዪላት፣ የአጎትሽ ባለቤት እንደምትወድሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ስታፈላ እመጣለሁ በያት፣ ለሳቸው ንገሪያቸው አትንገሪያቸው የሚለውን እሷ ትወስን። ብቻሽን ሂጂ። እጮኛሽን ይዘሽ አትሂጂ፣ ልክ ነሽ እያለ የሚያጽናናሽ ስለሚወድሽ ነው፣ ግን እዛ ቤት ውስጥ የሱ «ልክ ናት» የሚል ፊት አይጠቅምሽም። የሠርጉን መጥሪያ ደግሞ በፍጹም ይዘሽ እንዳትገቢ። መጥሪያ ይዘሽ ከገባሽ የመጣሽው በአባትሽ ቦታ የሚቆምልሽ ሰው ስለጎደለሽ ነው የሚመስላቸው፣ ምናልባትም ግማሹ እንደዛ ነው፣ እሱን እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ከራስሽ ጋር ጨርሺው። መጥሪያው በሌላ ቀን ከእጮኛሽ ጋር ይሄዳል፣ በወጉ።

ስለ ሥራቸውም ጠይቂያቸው። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፉት፣ ማን እንዳስከተባቸው፣ ሁለተኛውን ሲወስዱ ትኩሳት ይዟቸው እንደነበር፣ ከጓደኞቻቸው ማን እንደሞተ። ከዲሲ ታክሲ ነጂዎች መሃል በዛ ዓመት ሰው የቀበረ አለ። ይሄን ለማስመሰል አይደለም የምልሽ፣ ያኔ ማወቅ የነበረብሽን አሁን ብታውቂው አይዘገይም።

የቫይበር ግሩፑን ተዪው። የአጎትሽ ልጅ «አባቴን አዋረድሽ» ብላ እዛ መጻፏ ልክ አይደለም፣ አንቺም የሕጉን ሊንክ መልሰሽ መለጠፍሽ አልረዳሽም፣ ሃምሳ ሰው የሚያነበው ቦታ ላይ ማንም ሐሳቡን አይቀይርም። ከአጎትሽ ጋር ከታረቃችሁ ግሩፑ በራሱ ይሰማል። ካልታረቃችሁም ግሩፑ አያስታርቃችሁም። ለሷ ግን ለብቻዋ ደውለሽ አንድ ነገር በያት፣ ካርዱ ኪሳቸው ውስጥ እንደነበረ ስለነገረችሽ አመስግኛት። ያን ባትነግርሽ ኖሮ እስከዛሬ «ክትባት ጠልተው ነው» እያልሽ ነበር የምትኖሪው።

እምቢ ካሉሽ፣ ቡናቸውን ጠጥተሽ፣ እትዬን ስመሽ ውጪ። ሠርጉ ገና ሰኔ ላይ ስለሆነ ጊዜ አለሽ፣ ለፋሲካ ተመለሺ፣ ያኔ ከፈለግሽ ቀስ የሚሉ፣ ስለ ኮቪድ ምንም የማይከራከሩ አንድ ሽማግሌ ይዘሽ፣ ቢቻል ያን እሁድ አብረዋቸው ከነበሩት ጓደኞቻቸው አንዱን። የተዋረዱት በነሱ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም እነሱ ባሉበት ቢሆን ይሻላል። ያሉሽን ጻፊልኝ።